ትራንስፖዝን ቤት ጨርሱት፦ ለሰርግ ምሽት ኪቦርድ ላይ ዘፈን ማዘጋጀትና ተራ ማስያዝ

የድሬዳዋ ሰርግ ኪቦርዲስትን ይፈትናል። በአንድ ምሽት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አንዳንዴም አደርኛ ይዘፈናል። ዘፋኞቹም ይፈራረቃሉ። ወፍራም ድምፅ ያለው ልጅ ከመድረክ ሳይወርድ ቀጭን ድምፅ ያላት ዘፋኝ ማይኩን ትቀበለዋለች። መሃል ላይ የሙሽራው አጎት ብድግ ብለው «አቦ እኔም አንድ ልበል!» ይላሉ። የሁሉም ጉሮሮ ለየቅል ነው። ፍላሹ ላይ ያለው ሚዲ፣ ማለትም ኪቦርዱ ራሱ የሚያጫውተው የዘፈን ፋይል፣ ግን በተሠራበት ኪይ (ዜማው በሚያርፍበት ድምፅ) ብቻ ይጫወታል።

አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ዘፈኑ ይጀመራል። ዘፋኙ ፊቱን ያጠቁራል። ኪቦርዲስቱ የትራንስፖዝን፣ ማለትም የኪይ ከፍ ዝቅ ማድረጊያውን፣ ፕላስና ማይነስ እየነካካ ይፈልጋል። ታዳሚው ደግሞ ፍለጋውን በስፒከር ይሰማል። እኔ ትራንስፖዝ ቤት ተሠርቶ ማለቅ አለበት ባይ ነኝ። መድረክ ላይ ቁጥር መጥራት ብቻ ነው የሚቀረው። ከታች የምጽፈው ይህን እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

የማወራው በዋናነት ስለ ያማሃ ፒ ኤስ አር፣ ማለትም ስለ ኤስ እና ኤስ ኤክስ ተከታታዮች ነው። ኮርግ ፒ ኤ ላላችሁም መንገዱን እጠቁማለሁ። አነስ ያለ ኪቦርድ ያለው ሰውም አሠራሩ ይጠቅመዋል። ማስታወሻ የሚይዘው በወረቀት ይሆናል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እዚህ የኖታ ስሞችን የምጠራው በፊደል ነው። ሲ ስል ዶ ማለቴ ነው፣ ዲ ስል ሬ፣ ኤ ስል ላ። በዶ ሬ ሚ የተማራችሁ እንዳትደናገሩ።

ፍላሹን ማሰናዳት

ፍላሹን ኪቦርዱ ራሱ ፎርማት ቢያደርገው ይመረጣል። ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ቀድማችሁ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡት። የምሽቱን ዘፈኖች ብቻ በአንድ ፎልደር ሰብስቡ። ሌላ ሌላውን አትጨምሩበት፤ መድረክ ላይ ፍለጋን ያረዝማል።

ስም ስትሰጡ ቁጥር አስቀድሙ። አንድን 01፣ ሁለትን 02 ብላችሁ ጻፉ። ያለ ዜሮ 1 እና 2 ብላችሁ ከጻፋችሁ አንዳንዱ ኪቦርድ 1፣ 10፣ 11፣ 2 ብሎ ይደረድራል። ስሙን በላቲን ፊደል ጻፉት፤ አብዛኛው ኪቦርድ የእኛን ፊደል አያሳይም። ከስሙ ጎን የመጨረሻውን ኪይ ብትጨምሩበት ደግሞ ኋላ ታመሰግኑኛላችሁ።

ሁለተኛ ፍላሽ ይኑራችሁ። ተመሳሳይ ፎልደር፣ ተመሳሳይ ስም። የትም ግዙት፣ ሰርግ ላይ ከመውሰዳችሁ በፊት ሁሉንም ዘፈን እስከ መጨረሻው አጫውታችሁ ፈትኑት።

የዘፈኑን ኪይ ማወቅ

ትራንስፖዙን ዜሮ አድርጉ። ያማሃ ላይ ፕላስና ማይነስን አንድ ላይ መጫን ዜሮ ይመልሰዋል። ሚዲውን ክፈቱና ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ በአንድ ጣት ፈልጉ። ስንኙ ሲያልቅ ዘፋኙ የሚቆምበት፣ ቤዙም አብሮ የሚያርፍበት ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ሲ ከሆነ ዘፈኑ በሲ ነው።

ቅኝቱንም ለዩ። ለኪቦርዱ ግድ የለውም፤ ተራ ስታወጡ ግን ያስፈልጋችኋል። ከሲ ብንነሳ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ትዝታ ማይነር ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ይሆናል። አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ባቲ ማይነር ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት። አንቺ ሆዬ ደግሞ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። የሶማሊኛው ዜማም ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ በዚሁ ዘዴ ማረፊያውን ታገኙታላችሁ።

ዘፋኙን መለካት

ዘፋኙን «ይመችሃል?» ብላችሁ ብትጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ «ይመቸኛል» ነው የሚላችሁ። ቤት ተቀምጦ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ በለሆሳስ ሲያንጎራጉር ሁሉም ይመቸዋል። የሚለካው ከፍተኛው ድምፅ ነው።

ከዜማው ውስጥ ከፍ ያለውን ድምፅ ለዩ። ብዙ ጊዜ አዝማቹ ላይ ነው ያለው። ዘፋኙ ያንን ክፍል ቆሞ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ደጋግሞ ይዝፈነው። አንገቱ ላይ ሥር ከተገተረ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ወደ ታች እያንዳንዱን ቁልፍ፣ ጥቁሩንም ነጩንም ሳትዘሉ፣ እየነካችሁ ሳይጨነቅ የሚይዘውን ድምፅ ፈልጉ። የወረዳችሁት የቁልፍ ብዛት ነው ትራንስፖዙ። እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ሴሚቶን ነው።

ምሳሌ እንያዝ። ዘፈኑ በሲ ነው፣ ከፍተኛው ድምፁ ኤ ነው። ዘፋኙ የሚመቸው እስከ ኤፍ ነው። ከኤ ወደ ኤፍ አራት ሴሚቶን ነው፤ ስለዚህ ማይነስ 4። አዲሱ ኪይ ኤ ፍላት ሆነ ማለት ነው።

ታችኛውንም ድምፅ አትርሱ። ላይኛውን ስታወርዱ ታችኛውም አብሮ ይወርዳል። ዘፋኙ ታች ሲደርስ ድምፁ ትንፋሽ ብቻ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ሴሚቶን መልሱለት። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ለላይኛው አድሉ። ታችኛውን ማይኩ ያግዘዋል፤ ላይኛውን ማንም አያግዘውም።

ሴት የዘፈነችውን ወንድ ሲዘፍነው ወይም ተገላቢጦሽ ሲሆን ልዩነቱ ብዙ ጊዜ አራት፣ አምስት ሴሚቶን ይደርሳል። በኤፍ የነበረ ዘፈን በሲ ይሁን ካላችሁ ማይነስ 5 ወይም ፕላስ 7 ማድረግ ትችላላችሁ። ኪዩ በሁለቱም መንገድ ሲ ነው። የሚለየው ኦክታቩ ነው። እኔ ሁልጊዜ አጭሩን መንገድ እመርጣለሁ። ብዙ ከፍ ያለ ሚዲ ዋሽንቱንም ቫዮሊኑንም ያስጮኻቸዋል፤ ብዙ የወረደ ደግሞ ቤዙን ያደፈርሰዋል።

ሌላም አለ። ድሬ ላይ ሙቀት አለ፣ አቧራ አለ፣ በርጫም አለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የዘፋኙ ጉሮሮ የማታው አይደለም። ዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ያሉትን ዘፈኖች ከተለካው አንድ ሴሚቶን ዝቅ አድርጋችሁ አዘጋጁ። ዘፋኙ ላያውቀው ይችላል። ድምፁ ግን ያውቀዋል።

ሦስት ዓይነት ትራንስፖዝ አለ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያማሃ ፒ ኤስ አር ላይ ማስተር፣ ኪቦርድ እና ሶንግ የሚባሉ ለየብቻ የሚስተካከሉ ትራንስፖዞች አሉ። ሦስቱም በሴሚቶን ነው የሚቆጥሩት።

ማስተር ሁሉን ያንቀሳቅሳል። ጣታችሁ የሚጫወተውን፣ ስታይሉን (ኪቦርዱ ራሱ የሚያጅብበትን ምት)፣ የሚዲውን ዘፈን። ኪቦርድ የሚለው በእጃችሁ የምትጫወቱትንና ለስታይሉ የምትይዙትን ኮርድ ብቻ ነው የሚነካው። ሶንግ ደግሞ የሚዲውን ዘፈን ብቻ።

የፊት ለፊቱ ፕላስና ማይነስ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚያንቀሳቅስ መምረጥ ይቻላል። በኤስ ተከታታይ ፋንክሽን ውስጥ ኮንትሮለር ከሚለው ሥር ትራንስፖዝ አሳይን የሚል ቦታ አለ። በአብዛኛው ኤስ ኤክስ ሜኑ ስትከፍቱ ትራንስፖዝ የሚለውን ታገኛላችሁ። ኮርግ ላይ ደግሞ ግሎባል ውስጥ ባለው የትራንስፖዝ ገጽ ላይ ኪቦርዱን፣ ፕሌየር (ዘፈን ማጫወቻ) አንድን እና ፕሌየር ሁለትን ይንካ አይንካ ብላችሁ ትወስናላችሁ።

ታዲያ መቼ የቱን?

ዘፈኑ ከእጃችሁ ጋር በአንድ ኪይ ተስማምቶ፣ ለዘፋኙ ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ካለበት ማስተር በቂ ነው። ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ጣታችሁ የለመደውን ቦታ አይለቅም።

ሚዲው እናንተ በማይመቻችሁ ኪይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ሚዲው በኢ ፍላት ተሠርቷል እንበል። እናንተ በሲ አጣጣል መጫወት ትፈልጋላችሁ። ዘፋኙም ባለበት ተመችቶታል። ሶንግ ዜሮ ይሁን፣ ኪቦርድ ፕላስ 3። ጣታችሁ ሲ ሲመታ ኢ ፍላት ይሰማል፤ ከሚዲው ጋር ገጠመ። አሁን ዘፋኙ ሁለት ይውረድልኝ አለ። ሶንግ ማይነስ 2 ይሁን፣ ኪቦርድ ፕላስ 1። ሁለቱም ዲ ፍላት ላይ ተገናኙ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሚዲውን አጫውቱ፣ የማረፊያውን ድምፅ በለመዳችሁት ቁልፍ ምቱ። ከቤዙ ጋር ከተላተመ ከሁለቱ አንዱ ስቷል። ቁልፍ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ትራንስፖዝ ብትቀይሩ ለውጡን ስለማትሰሙት ጣታችሁን አንስታችሁ እንደገና ምቱ።

የዓረብ ሽታ ላለው ዜማ የሩብ ድምፅ ማስተካከያ፣ ስኬል ቱን የሚባለውን፣ የምትጠቀሙ ከሆነ ትራንስፖዝ ከቀየራችሁ በኋላ በጆሮ እንደገና ፈትሹት። የወረደችው ድምፅ ያለችበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል።

ማስተር ቱን የሚባለውን ደግሞ ከትራንስፖዝ ጋር አታምታቱት። ኪቦርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ 440 ኸርዝ ላይ ነው። አብሯችሁ አኮርዲዮን ካለና ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ከሆነ አኮርዲዮኑን መቃኘት አይቻልም። ኪቦርዱን በቱን ወደ እሱ አምጡት። ትራንስፖዝ ለዚህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ሚዲውን ራሱን መቀየር

አንዳንዴ ዘፈኑ ፋይሉ ውስጥ በአዲሱ ኪይ እንዲቀመጥ ትፈልጋላችሁ። ያማሃ ላይ ሶንግ ክሪኤተር ውስጥ ቻነል ትራንስፖዝ የሚባል አለ። 16ቱን ቻነሎች (የየመሣሪያውን መስመሮች) ለየብቻ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። እዚህ አንድ ነገር ጠብቁ፤ ቻነል 10ን አትንኩ፣ ቻነል 9ንም ከበሮ ካለበት ተዉት። ከበሮ ላይ እያንዳንዱ ኖታ የተለየ መሣሪያ ነው። በጄነራል ሚዲ አሠራር 36 ቁጥር ባስ ድራም ነው፣ 38 ቁጥር ስኔር። በሁለት ከፍ ካደረጋችሁት ባስ ድራሙ ስኔር ይሆናል። ችክችካው ምን እንደሚመስል አስቡት።

ኪቦርዱ ላይ ሶንግ ትራንስፖዝ ስትጠቀሙ ከበሮውን ራሱ ይተወዋል፤ አያሳስባችሁም። ጣጣው የሚመጣው በእጅ ስትሠሩት ወይም ኮምፒውተር ላይ በኪዩቤስ ወይም በኤፍ ኤል ስቱዲዮ ሁሉንም መርጣችሁ ስታነሱት ነው።

ስትጨርሱ በአዲስ ስም ሴቭ አድርጉ። ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቆይ። ነገ ሌላ ዘፋኝ ይመጣል።

ኦዲዮ ከሆነስ?

ፍላሹ ላይ ያለው ዌቭ ወይም ኤም ፒ ስሪ ከሆነ ትራንስፖዝ አይሠራበትም። ማስተር የሚለውም ኦዲዮ ፋይልን አይነካም። አንዳንድ ሞዴሎች ፒች ሺፍት የሚባል ለኦዲዮ ብቻ የተሠራ ማስተካከያ አላቸው። የእናንተ ከሌለው ኮምፒውተር ላይ በኦዳሲቲ መሥራት ይቻላል። ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ፍጥነቱን ሳይቀይር በሴሚቶን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ግን ከሁለት ሦስት ሴሚቶን በላይ ስትሄዱ ድምፁ ይበላሻል። ኦዲዮ ከያዛችሁ ዘፋኙን ወደ ዘፈኑ ማስጠጋት ሳይሻል አይቀርም። ሚዲ ማግኘት ከቻላችሁ ሚዲውን ያዙ።

ለሌሎቹ እውነተኛውን ኪይ ንገሩ

ጊታሪስቱ ዞር ብሎ «በምንድን ነው?» ይላል። ኪቦርዲስቱ ጣቱን አይቶ «በሲ» ይላል። ትራንስፖዙ ግን ፕላስ 3 ነው። የሚሰማው ኢ ፍላት ነው። ጊታሩ በሲ ሲገባ ሰርጉ ሁሉ ዞሮ ያያችኋል።

ለባንዱ የሚነገረው የሚሰማው ኪይ ነው፣ ሁልጊዜ። ከጣታችሁ ኪይ ላይ ትራንስፖዙን ደምሩና ጥሩት። ሳክስፎን ካለ ደግሞ ሳክስፎኒስቱ የራሱን ሂሳብ ይሠራል። የሚሰማው ኢ ፍላት ከሆነ ቴነሩ በኤፍ፣ አልቶው በሲ ይጫወታል። እናንተ የጣታችሁን ከነገራችሁት ሂሳቡ ከመሠረቱ ይበላሻል።

የዘፈኖቹን ዝርዝር በትልቅ ጽሑፍ ጽፋችሁ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ወረቀት ስጡ። ተራ ቁጥር፣ የዘፈኑ ስም፣ ዘፋኝ፣ የሚሰማው ኪይ፣ ቅኝት፣ ቴምፖ (ፍጥነት)። የእናንተው ወረቀት ላይ ብቻ ትራንስፖዙን ጨምሩበት። ለሌሎቹ ከተጻፈ ያወናብዳቸዋል።

ሬጂስትሬሽን ላይ ማስቀመጥ

አሁን የለካችሁት ሁሉ የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልገዋል። ሬጂስትሬሽን ሜሞሪ፣ ማለትም ያስተካከላችሁትን በአንድ ቁልፍ የሚጠራው ማስቀመጫ፣ ይህን ይሠራል። በአብዛኛው በኤስ ተከታታይ 8፣ በኤስ ኤክስ 10 ቁልፎች አሉ። አንድ ባንክ (የእነዚህ ቁልፎች ስብስብ) ሲሞላ ሌላ ባንክ ትከፍታላችሁ።

አንዱን ዘፈን ክፈቱ። ሶንግ ትራንስፖዙን፣ ኪቦርድ ትራንስፖዙን፣ ቴምፖውን፣ የቀኝ እጅ ድምፃችሁን፣ የዘፈኑን ቮልዩም አስተካክሉ። ከተለያየ ሰው የተገኙ ሚዲዎች ቮልዩማቸው አይመሳሰልም፤ አንዱ ይጮሃል አንዱ ያንሾካሹካል። አሁኑኑ አመጣጥኗቸው።

ቀጥሎ ሜሞሪን ተጫኑ። ምን ምን ይቀመጥ የሚል ዝርዝር ይመጣል። ሶንግ፣ ቴምፖ እና ትራንስፖዝ የሚሉት ምልክት እንዳለባቸው እዩ። ከዚያ የምትፈልጉትን ቁጥር ተጫኑ። ሌሎቹንም እንዲሁ።

ፍሪዝ የሚባለውን ተመልከቱት። ፍሪዝ በርቶ ትራንስፖዝ ውስጡ ከተመረጠ ቁጥር ብትቀያይሩም ትራንስፖዙ ባለበት ይደርቃል። ኮርግ ላይ ይህን የሚመስለው ሎክ ነው። ብዙ ሰው «ኪቦርዴ ሴቭ አያደርግም» የሚለው እዚህ ላይ ተይዞ ነው።

ሁሉ ሲያልቅ ባንኩን ራሱን ሴቭ አድርጉ። ቁጥሮቹን መሙላት ብቻ አይበቃም። ሌላ ባንክ ስትከፍቱ ሴቭ ያልሆነው ይሄዳል። ሬጂስትሬሽኑ የዘፈኑን ፋይል በስሙና በቦታው ነው የሚያስታውሰው። ኋላ ፎልደሩን ብታዛውሩ ወይም ስሙን ብትቀይሩ አያገኘውም። ለዚህ ነው ስም አወጣጡን መጀመሪያ ላይ ያደረግሁት።

ኮርግ ያላችሁ በሶንግቡክ (በኪቦርዱ የዘፈን መዝገብ) ሥሩ። እያንዳንዱ ዘፈን የራሱን ማስተር ትራንስፖዝ ይዞ ይቀመጣል።

ተራ ማውጣት

ዘፈን መደርደር የሙዚቀኛው ግማሽ ሥራ ነው፣ ለእኔ እንደውም ከግማሽ በላይ። መጀመሪያ በቋንቋና በዘፋኝ ቡድን ቡድን አድርጉ። አንድ ዘፋኝ ሲወጣ ተከታታይ ዘፈኖቹን ጨርሶ ይውረድ። በየዘፈኑ ማይክ ሲቀያየሩ የጭፈራው ሙቀት ይበርዳል።

በቡድኑ ውስጥ በቴምፖ ደርድሩ፤ ከቀዝቃዛው ወደ ሞቅ ያለው። ኪዩን ደግሞ ወደ ላይ ውሰዱት። ዲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ እያለ ከሄደ ጨፋሪው ምክንያቱን ሳያውቅ ይነሳሳል። ከኤፍ ወደ ዲ ስትወርዱ ደግሞ አየሩ የተነፈሰ ይመስላል። የግድ መውረድ ካለባችሁ መውረጃውን ቡድን ሲቀየር አድርጉት። ጭብጨባና ጩኸት ይሸፍነዋል።

ክራር ወይም ማሲንቆ አብሯችሁ ካለ ግን መሪው እሱ ነው። እናንተ ቁጥር ተጭናችሁ ኪይ ትቀይራላችሁ። ክራሩ ግን ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት። ዋሽንት ነፊም ለሌላ ኪይ ሌላ ዋሽንት ያነሳል። ስለዚህ ክራር ያለባቸው ዘፈኖች ጎን ለጎን ይሁኑ።

እዚህ ላይ ቆንጆ ነገር አለ። አንዳንድ ቅኝቶች ድምፃቸው አንድ ነው፤ የሚያርፉበት ብቻ ይለያያል። ትዝታ ማይነር በዲ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት ነው። አምባሰል በኤ ደግሞ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ነው። እዩት፣ አምስቱም እነዚያው ናቸው። ክራሩን ሳይነካ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነርም እንዲሁ ናቸው። ትዝታ ሜጀር በሲ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ባቲ ማይነር በኤ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ነው።

እንግዲህ ይህን ለትራንስፖዝ ተጠቀሙበት። ዘፋኙ ትዝታ ማይነሩን በዲ ከዘፈነ የሚቀጥለውን አምባሰል ወደ ኤ ለማምጣት ሞክሩ። ጉሮሮው አንድ ሴሚቶን ወዲህ ወዲያ ቢል ይችለዋል። ክራሩ ሳይቋረጥ ሁለት ዘፈን ማለት ነው። ባቲውን ከትዝታ ሜጀሩ ማረፊያ ሦስት ሴሚቶን ዝቅ አድርጉት፤ አምባሰሉን ከትዝታ ማይነሩ አምስት ሴሚቶን ዝቅ። አንቺ ሆዬን ግን ለብቻው ተዉት። እሱ ከማንም ጋር አይጋራም።

የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረር የምትጫወቱ ከሆነ ሌላ ነገር ይመጣል። ሐረር ከድሬ በ600 ሜትር አካባቢ ከፍ ትላለች፣ ማታዋም ቀዝቃዛ ነው። ኪቦርዱ ቅኝቱ አይለወጥም። ክራሩ ግን ይለወጣል። ስትደርሱ ክራሩ አየሩን ይልመድ፤ ከዚያ ከኪቦርዱ ጋር ይቃኝ። ለሐረሪ ሰርግ የከረቡ (የሐረሪ ከበሮ) መቺዎች ከገቡ ደግሞ ኪዩ አያሳስባቸውም። ፍጥነቱን ግን እነሱ ናቸው የሚመሩት። ሚዲ በአንድ ቴምፖ ተቆልፎ ሲሄድ እነሱን አይከተልም። ያን ጊዜ ሚዲውን አቁሙና በእጅ አጅቡ፣ ወይም ስታይል ከፍታችሁ በታፕ ቴምፖ፣ ማለትም ቁልፉን በምታቸው ልክ እየመታችሁ፣ ተከተሏቸው።

ኪቦርዱ ተራውን እንዲያውቀው ማድረግ

ያማሃ ላይ ሬጂስትሬሽን ሲኩዌንስ የሚባል አለ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ 1፣ 4፣ 2፣ 2፣ 7 በሚል ቅደም ተከተል እንዲጠሩ ትጽፉለታላችሁ። አንዱን ሁለት ጊዜ መጥራት ይቻላል። ከዚያ በፔዳል ወደፊት ትገፉታላችሁ፤ እጃችሁ ነፃ ይሆናል። ሲጨርስ ምን እንዲያደርግም ይጠይቃችኋል፦ ይቁም፣ ወደ መጀመሪያው ይመለስ፣ ወይስ ወደሚቀጥለው ባንክ ይሂድ። ዘፈኖቻችሁ ከአንድ ባንክ በላይ ከሆኑ የሚቀጥለው ባንክ የሚለውን ምረጡ። ሲኩዌንሱን ከጻፋችሁ በኋላ ባንኩን እንደገና ሴቭ ማድረግ አትርሱ።

ሌላው መንገድ ወረፋ ማስያዝ ነው። በኤስ ተከታታይ አንዱ ዘፈን እየተጫወተ ሌላውን ብትመርጡ ስሙ አጠገብ ኔክስት የሚል ይመጣል። የመጀመሪያው ሲያልቅ ሁለተኛው ራሱ ይጀምራል። ዝምታ የለም። ጭፈራው ለሞቀበት ሰዓት ይህ ይሻላል። ግን እዚህ የሚጠራው ፋይሉ ብቻ ነው፤ ሬጂስትሬሽኑ አይደለም። ትራንስፖዙ ካለፈው ዘፈን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ በወረፋ የምታጫውቷቸውን ዘፈኖች ቅድም እንዳልኩት ሚዲውን ራሱን ቀይራችሁ፣ ትራንስፖዙን ዜሮ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እኔ ሁለቱንም እቀላቅላለሁ። ዘፋኝ የሚቀያየርበትን በሬጂስትሬሽን፣ አንድ ዘፋኝ ሳይቋረጥ የሚሄድበትን በወረፋ።

ሚዲዎች መጀመሪያቸው ላይ ባዶ ባር ሊኖራቸው ይችላል። የድምፅ ማዘዣዎቹ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ለብቻው ሲጫወት አይታወቅም። በወረፋ ሲከተል ግን የመሰናከል ያህል ይሰማል። ከሁለት ዘፈኖች መገጣጠሚያ ትንሽ ቀደም ብላችሁ እያስጀመራችሁ ሁሉንም መገጣጠሚያዎች ስሟቸው። የሚያስጠላ ክፍተት ካለበት ያንን ጥንድ በወረፋ አታስኬዱት፤ በመሃሉ እጃችሁን አስገቡ፣ ከበሮ ይሙላው፣ ወይም ዘፋኙ ሙሽሮቹን ያመስግን።

ኮርግ ያላቸው ሁለት ፕሌየር ስላላቸው ይህ ቀላል ነው። አንዱ ሲጫወት ሌላው ይዘጋጃል።

ከሰርጉ በፊትና በሰርጉ ላይ

ልምምዱን ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ሳትቆሙ አድርጉት፣ ዘፋኞቹም ይኑሩ። አንድ ዘፈን ላይ ኪይ ከተቀየረ ሦስት ቦታ ይቀየር፦ ሬጂስትሬሽኑ ላይ፣ ፋይሉ ስም ላይ፣ ወረቀቱ ላይ። የፋይሉን ስም ስትቀይሩ ሬጂስትሬሽኑን እንደገና መሙላት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ድንኳን ውስጥ ኪቦርዱን ፀሐይ የማይደርስበት አስቀምጡት፤ የድሬ የከሰዓት ፀሐይ ለስክሪን አይራራም። መብራት ሄዶ ጄነሬተር እስኪነሳ ኪቦርዱ ይጠፋል። ሲነሳ ትራንስፖዙ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ፕላስና ማይነስ ለመፈለግ አትሩጡ። ባንኩን ክፈቱ፣ ያቆማችሁበትን ቁጥር ተጫኑ፣ የማረፊያውን ድምፅ አንዴ በሄድፎን ስሙ፣ ጀምሩ።

ለአጎትየው ደግሞ አንድ ባዶ ቁጥር ተዉላቸው። ምን እንደሚዘፍኑ አይታወቅም። እዚያ ላይ ቀለል ያለ የችክችካ ስታይልና ማስተር ትራንስፖዝ ዜሮ አስቀምጡ። አጎት መጀመሪያ ትንሽ ያንጎራጉሩ፣ እናንተ ማረፊያቸውን በአንድ ጣት ፈልጉ። ከተገኘ በኋላ የጣታችሁን ኪይ ሳትለቁ በማስተር ወደ እሳቸው ሂዱ። ጊታሪስቱም መጠየቁ አይቀርም፤ የሚሰማውን ኪይ ጮክ ብላችሁ ንገሩት።